ሄንሪ ፎርድ መኪናን አልፈለሰፈም

ወንድሜ፣ ስለ ፎርድ ኩባንያ የጻፍከው ደስ ይላል። «ሄንሪ ፎርድ መኪናን የፈለሰፈ ሰው ነው» ያልከው ግን ይታረም። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይላል።

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በቤንዚን ለሚሠራው ባለ ሦስት ጎማ መኪናው የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ያኔ ፎርድ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ፎርድ ሞተርን ያቋቋመው በ1903 ነው፤ ያውም በሦስተኛ ሙከራው! የመጀመሪያው ድርጅቱ ፈረሰ። ከሁለተኛው፣ ከባለሀብቶቹ ጋር ተጣልቶ በ1902 ወጣ። የሚገርመው ጥሎት የሄደው ድርጅት ስሙን ቀይሮ ካዲላክ ሆነ። ዛሬ ካዲላክ የማን ነው? የዋና ተፎካካሪው የጄኔራል ሞተርስ!

ታዲያ ፎርድ ምን ሠራ? መኪናን ተራው ሰው ሊገዛው የሚችል ዕቃ አደረገው። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ውስጥ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። ሠራተኛው ባለበት ይቆማል፣ ሥራው ወደ እሱ ይመጣል። አንድ ሻሲ (የመኪናውን ተሸካሚ አጽም) ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሞዴል ቲ የተባለው የፎርድ መኪና በ1908 ሲወጣ ዋጋው 850 ዶላር አካባቢ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ገባ።

በነገራችን ላይ «ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ ነበር» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ግራጫም ነበረ። ጥቁር ብቻ የሆነው ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ነው።