የማሊ ፎቶግራፍ በ1994 አልተጀመረም

«የማሊ ፎቶግራፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1994 የባማኮ ቢየናሌ (በማሊ ዋና ከተማ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የፎቶ ዐውደ ርዕይ) ሲከፈት ነው» ብለህ ጽፈሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ስህተት ነው ወንድሜ።

ፎቶ አንሺው ሴይዱ ኬይታ ባማኮ ላይ ስቱዲዮ የከፈተው በ1948 ነው። አገሪቱ ነፃ ከመውጣቷ 12 ዓመት በፊት! ፎቶ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። የመጀመሪያ ካሜራውን የሰጠው አጎቱ ነው። ፊልም ማጠብና ማተም ያስተማረው ደግሞ ሙንታጋ ዴምቤሌ ነው፤ እሱም ማሊያዊ። እንግዲህ ከኬይታም በፊት ባለሙያ ነበር ማለት ነው።

ኬይታ ከደንበኞቹ ጀርባ የሰቀለው የመጀመሪያ መጋረጃ የገዛ ራሱ አልጋ ልብስ ነበር፤ ዘርፍ ያለው። ሱፍ ልብስ፣ ሰዓት ወይም ሬዲዮ ያማረው ደንበኛ እዚያው ይዋስና ፎቶ ይነሳል። መጋረጃውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይር ስለነበር፣ ኋላ ላይ የፎቶዎቹን ዘመን የለየው በመጋረጃው ነው። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው።

ሌላው የባማኮ ፎቶ አንሺ ማሊክ ሲዲቤም በ1960ዎቹ ማታ ማታ ከጭፈራ ቤት ጭፈራ ቤት እየዞረ የባማኮን ወጣቶች ያነሳ ነበር። የከተማዋ የፎቶ ማሠልጠኛ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1998 ነው። ቢየናሌውም ለውጭ ሰው ያሳየው ድሮም የነበረውን ነው።