«ታጨሳለህ?» ብሎ ብቻ ካባ ሰራተኛን መሸኘት ይብቃ

ጅማ ዙሪያ ድንጋይ ካባና ክሬሸር ላይ የሚውል ልጅ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ታጨሳለህ ወይ ነው፣ አዎ ካለ በቃ ተወው ይባላል፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ ይሰጥና ቲቢ ይመረመራል። እሱ መደረግ አለበት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ስራህ ምንድነው፣ ስንት አመት አቧራ ውስጥ ቆየህ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም። ይሄ ጥያቄ መቅረቱ ሰው እየጎዳ ነው ባይ ነኝ።

ሲጋራ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዲያውም አቧራ ውስጥ የሚሰራ ሰው ከማንም በላይ ሲጋራ መራቅ ያለበት ሰው ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ እነ ዶክተር ሰሊኮፍ አስቤስቶስ (ለሙቀት መከላከያ የሚውል ቃጫ መሳይ ማዕድን) ላይ የሚሰሩ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡትን ቁጥር እዩት፣ አስቤስቶስም ያልነካ ሲጋራም ያላጨሰ ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት እድሉ 1 ነው ብንል፣ ሰርቶ ያላጨሰው 5 ገደማ፣ አጭሶ ያልሰራው 11 ገደማ፣ ሁለቱም ያለበት ግን ከ50 በላይ። በድንጋይ አቧራ በኩል ቁጥሩ እንደዚህ ባይገዝፍም አጫሹ ላይ እንደሚብስ ግልፅ ነው።

ግን ደግሞ ሁሉንም ሲጋራው ላይ ጥሎ መሄድ አሰሪውን ነፃ ማውጣት ነው። ጀርመን ሽኔበርግ የሚባል ቦታ የነበሩ ማዕድን ቆፋሪዎች በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ሀኪሞች የፃፉት እ.ኤ.አ. በ1879 ነው፣ ሲጋራ እንደዛሬው ሳይስፋፋ፣ ከመሬት ስር የሚወጣው ሬዶን የሚባል ጋዝ ነበር የጨረሳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ድንጋይ ሲፈለጥና ሲፈጭ የሚቦነውን ሲሊካ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የናፍጣ ጭስን በ2012 ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጡት ውስጥ መድቧቸዋል። የድንጋዩ አይነት ይለያያል እሺ፣ ሁሉም ካባ እኩል አይደለም፣ ወርቅ ፍለጋ ከዚህ ተነስተው ጋምቤላ ዲማ ምናምን የሚሄዱት ልጆች ግን የሚሰብሩት ነጭ ድንጋይ ኳርትዝ ከሆነ እሱ ራሱ ሲሊካ ነው።

በዛ ላይ ስንታገል የኖርነው የተሳሳተ መፍትሄ ጋር ነው። ወተት ጠጣ አቧራውን ያጥበዋል ይባላል፣ ወተት እኮ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፣ ሳንባ ጋር አይደርስም። አፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ሻርፕም የሚይዘው የሚታየውን አቧራ ነው፣ ሳንባ ስር ድረስ የሚገባው በአይን የማይታየው ደቃቁ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ውሃ ነው፣ ሲቦረቦርና ሲፈጭ እየረጠበ ከሆነ አቧራው ከመነሻው ይቀንሳል፣ ከዛ ነው በደንብ ፊት ላይ የሚገጥም ማስክ የሚመጣው። አንድ የውሃ ታንከርና ቱቦ ክሬሸር መግዛት ለቻለ ሰው ከባድ ወጪ ነው ብዬ አላምንም።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 አሰሪው የመከላከያ መሳሪያ እንዲሰጥና አደገኛ ስራ ላይ ያሉትን የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል። ካባ ላይ ያለው ልጅ ግን ውል የለው፣ በቢያጆ ወይ በቀን ተከፍሎት ነው የሚገባው፣ የሚጠይቅለት ማህበርም የለውም፣ ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ራሱ ወርዶ ውሃ አለ ወይ ብሎ ማየት አለበት። ትንባሆ ከ21 አመት በታች እንዳይሸጥ አዋጅ 1112/2011 ይከለክላል፣ ከስራ መልስ ጫት ቤት ቁጭ ብለው በፍሬ እየገዙ የሚለኩሱት ውስጥ ግን ያልሞላቸው አሉ፣ ይሄን ሁላችንም እናያለን።

ለሚያጨሰው ወንድሜ የምለው፣ ሳንባህ ውስጥ የገባውን የድንጋይ ብናኝ ማንም አያወጣልህም፣ ሲጋራውን ግን ማቆም ትችላለህ፣ ካቆምክ ከ10 አመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው ከቀጠለው ሰው በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ካንሰሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከብዙ አመት በኋላ ነው፣ ልጁ ያኔ ካባውን ትቶ ባጃጅ እየነዳ ወይ ሱቅ ከፍቶ ይሆናል። ስለዚህ ሀኪሞቻችን፣ አሁን ምን ትሰራለህ ብቻ ሳይሆን ድሮስ ምን ትሰራ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ ካርዱም ላይ ፃፉት።