ለክቡር አቶ ትሬንድ ላይን፤ ካሉበት

ጉዳዩ፦ ከተሰመሩበት ቦታ ያለ ፈቃድ ስለመልቀቅዎ

ክቡር ሆይ፣ «ካሉበት» ማለቴ ለወግ አይደለም፤ የት እንዳሉ እውነትም ስለማላውቅ ነው። ሰኞ ማታ፣ የኒውዮርክ የቡና ገበያ ሦስት ተኩል ላይ ከዘጋ በኋላ፣ እዚሁ ጅማ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የዋጋ አዝማሚያ የሚያሳዩ መስመር ነዎትና፣ የቡና ዋጋ ቻርት ላይ በገዛ እጄ አሰመርኩዎት። ማክሰኞ ረፋድ ቢሮ ስንገናኝ ሰፈር ቀይረው ጠበቁኝ።

የምሠራው ቡና አቅራቢ ዘንድ ነው። የአረቢካ ቡናን የዋጋ ቻርት እያየሁ ለአሠሪዬ ለሐጂ «ይወጣል፣ ይወርዳል» ማለት እንጀራዬ ነው። ሐጂ ቡናን በመዳፋቸው አፍሰው፣ አሽትተው፣ በጥርሳቸው ሰብረው ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ቻርት የሚባለውን ነገር የፈቀዱት ልጃቸው ስለለመናቸው ብቻ ነው። ማክሰኞ ታዲያ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ የመጡ አራት ነጋዴዎች ባሉበት በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ። መጠቆሚያ ስላልነበረን የመጥረጊያ እንጨት ያዝኩ።

«ሐጂ፣ ይቺ መስመር ዋጋውን ከሥር ደግፋ ይዛዋለች» አልኩ። «አንድ እግሯ በፓውንድ 200 የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ነው፣ ሌላው 300 ላይ። ያንኑ ያህል ጊዜ ከቀጠለች 450 ትደርሳለች።» ሰኞ ማታ አይቼዎት ስለነበር በእርግጠኝነት፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ፣ በመጥረጊያው እንጨት 450ን ጠቆምኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ዞር ስል እርስዎ እንጨቱ ጫፍ ላይ የሉም። ወደ ታች ወርደው፣ 400 ላይ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተጋድመዋል።

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። «ልጄ፣ ሃምሳዋ የት ገባች?»

ልመልስዎ ብዬ ጫፍዎን በማውዝ ብይዝ ሥርዎ ተነቅሎ ሙሉ ለሙሉ መጡልኝ። አንዴ ጣራ፣ አንዴ ወለል። ነጋዴዎቹ አንገታቸውን ከእርስዎ ጋር እያወጡ እያወረዱ ይከተላሉ። የአጋሮው ሰውዬ «መስመሩ መርቅኗል» ሲል ቡና የምትቀዳው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። ላብ አጠመቀኝ። በስተመጨረሻ ላጥፋዎትና እንደገና ላስምር ብዬ ያቺን የቆሻሻ መጣያ ምልክት ተጫንኩ። እሷ ደግሞ እርስዎን ብቻ መች ታጠፋለች! የሦስት ወር መስመሬን፣ ሳጥኔን፣ ማስታወሻዬን በሙሉ ጠረገችው። ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞረው በእርጋታ «ማስመሪያና ወረቀት አምጡ» አሉ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሚስጥርዎን ደረስኩበት። ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ጤፍ የምታህል «ሎግ» የምትል ቁልፍ አለች። ቤቴ በርታ ነበር፣ ቢሮ ጠፍታ ነበር። ማን እንደነካት ገና እየተጣራ ነው። ይህች ቁልፍ የቻርቱን የዋጋ መለኪያ፣ ስኬሉን፣ ትቀይራለች። ሎግ ላይ እኩል ርቀት ማለት እኩል መቶኛ ነው፦ ከ200 ወደ 300 ሃምሳ በመቶ፣ ከ300 ወደ 450 ደግሞ ሌላ ሃምሳ በመቶ። በተራው ስኬል ግን እኩል ርቀት እኩል ሳንቲም ነው፦ መቶ ሲደመር መቶ፣ 400። ሁለቱ እግሮችዎ ንቅንቅ አላሉም። የተቀየረው ከሁለተኛው እግር በኋላ የዘረጉት ጭራዎ ነው። ለቻርቱ ድርጅት የድጋፍ ክፍል ጻፍኩ። «ይህ ብልሽት አይደለም፣ እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው» አሉኝ።

እንዲህ እንዲሆን! አንተ፣ ስማኝ። አንድ የኒውዮርክ የቡና ኮንትራት 37,500 ፓውንድ ነው። በእኛ 17 ኪሎ ፈረሱላ ስትለካው አንድ ሺህ ፈረሱላ ገደማ መሆኑ ነው። ያቺ የጠፋችው 50 ሳንቲም በአንድ ፈረሱላ 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም ገደማ ትሆናለች። እነዚያ አራት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ጀንፈሉን ደጁ ላይ አስጥቶ «ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ?» የሚል ገበሬ ነው የሚጠብቃቸው። ያ ሰው የልጆቹን ደብተር የሚገዛው ከዚያች ነው። «ስኬሉ ተቀይሯል» የምትል አንዲት መስመር ጽሑፍ ማውጣት ምን ያቅታችኋል? «ፕሪሚየም ይግዙ» ለማለት ግን በየአምስት ደቂቃው ፊቴ ላይ ትደነቀራላችሁ። እኔ አልዋሸሁም። አንተ ነህ የሄድከው። ሐጂ ፊት ግን የዋሸ ሰው ተብዬ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ስሜታዊ ሆንኩ።

የቆየውን ቂም አሁን አልዘረዝረውም። ማግኔት የሚባለው ጓደኛዎ መዝጊያው ዋጋ ላይ ላስቀምጥ ስል ጎትቶ ከካንድሉ፣ የዋጋውን መነሻና መድረሻ ከሚያሳየው ዘንግ፣ ጫፍ ላይ እንደሚያንጠለጥልዎት ያውቃሉ። የዓይን ምልክቷን ሳላውቅ ነክቻት ሥዕሎቼ ሁሉ ተሰውረው፣ ጠፉ ብዬ ግማሽ ሌሊት እንደገና ሳሰምር አድሬ፣ ጠዋት ዓይኗን ብነካት የድሮዎቹና የአዲሶቹ ተደራርበው ቻርቱን ሸረሪት ድር አስመስለውታል።

አንዷን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበር፣ ዲሴምበር የኮንትራት ማስረከቢያ ወሮች ናቸው፤ አንዱ ኮንትራት አልፎ ሌላው በተተካ ቁጥር፣ ኮንትራቶቹን ቀጣጥሎ የሚያሳየው ተከታታይ ቻርት፣ የማስማሚያ ምርጫው ከበራ፣ የኋላውን ዋጋ ከአዲሱ ጋር ላስማማ ብሎ ያለፉትን ካንድሎች በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋቸዋል። አብረው መንቀሳቀስ የሚገባዎ ያኔ ነበር። ያኔ ግን ጂሬን ላይ እንዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ተተክለው በድሮው ዋጋ ይቀራሉ። ካንድሎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል፣ እርስዎ ባዶ ሜዳ ይደግፋሉ። ሂዱ ሲሏችሁ መቆም፣ ቁሙ ሲሏችሁ መሄድ! ይሄን ከማን ተማሩት? ከባጃጅ?

ለማንኛውም ሐጂ 30 ሳንቲም የሚረዝም የእንጨት ማስመሪያ አስገዝተው ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠዋል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሎግ የለውም» ተብሎ ተጽፎበታል። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቡናዋን እወደዋለሁና ዝም ብያለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለማግኔት፤ ለዓይኗ ምልክት፤ ለቆሻሻ መጣያዋ ለብቻዋ ሌላ ደብዳቤ ይደርሳታል።