ጠባይ ስንት ክሬዲት አለው?

በቅርቡ መሥሪያ ቤታችን አዲስ ምሩቃንን ሊቀጥር ሲያወዳድር፣ ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉት ሦስት ሰዎች አንዱ እንድሆን ታዘዝኩ። በታደለን የነጥብ መስጫ ቅጽ ላይ ከትምህርት ውጤቱና ከንግግር ችሎታው ቀጥሎ «የስሜት ብልህነት፦ 5 ነጥብ» የሚል ሰፍሯል። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ስለዚህ ብልህነት ሲጽፉ፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ለይቶ ማወቅና በዚያም አስተሳሰብንና ድርጊትን መምራት መሆኑን አስረድተው ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን «ሰው ቢያናድድህ ምን ታደርጋለህ?» በሚል አንድ ጥያቄ ተጠቃለለ።

ከዘጠኙ ተወዳዳሪዎች ስምንቱ «እስከ አሥር እቆጥራለሁ» አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ካላመጣ የማይመረቅ ተማሪ፣ ትዕግሥትንም ከአራት ምርጫዎች መካከል ቢፈልጋት ምን ይገርማል? ደግሞስ ልጆቹ ለ2 ሰዓት ተጠርተው፣ «ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባሉ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ሲቆሙ አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለዚህ ግን ቅጹ ላይ ቦታ አልተተወም። አንዲቱ ተወዳዳሪ ለአምስት ሰው የተሰጠ አሳይመንት ብቻዋን ሠርታ፣ የአምስቱንም ስም በፊደል ተራ ጽፋ እንዳስረከበች ስትናገር፣ ከጎኔ ያሉት ባልደረባዬ «በቡድን መሥራት አትችልም» ብለው ጻፉ።

ዘጠነኛው ልጅ ጥቂት አሰበና «እንደ ሰውዬው ነው» አለ። «አለቃዬ ከሆነ ፈገግ እላለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ከሆነ እቆጣዋለሁ፤ የታክሲ ረዳት ከሆነ ግን በቅድሚያ መልሴን እቀበላለሁ።»

ከአምስት ሰው ጋር በአንድ ዶርም አራት ዓመት ኖሮ፣ ማን ከእንቅልፉ ሲነሣ እንደማይነገረው፣ ማን ደግሞ ሳሙና ተውሶ እንደማይመልስ አጥንቶ የወጣ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ሊመልስ አይችልም ብዬ 5ቱንም ሰጠሁት። ሰብሳቢያችን ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ልጅ አይቆጥርም» አሉና 1 ሰጡት።

የተቀጠረው ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነው። ጠረጴዛው ከእኔ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሰብሳቢያችን መጥተው በተቆጡት ቁጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እስካሁን ከሰባት አልፎ አያውቅም፤ ሰባት ላይ ሲደርስ ይቅርታ ጠይቆ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል።