የመጋረጃው ዘንግ

ነገሩ የተነሳው ለቅሶ ቤት ነው። የወዳጃችን አያት ካረፉ ሳምንት አልፏል፤ ድንኳኑ ተነስቷል፤ እኛ አራት ሰዎች ከእሱ ጋር ሳሎን ውስጥ ቡና እየጠጣን ቀርተናል። የዚያን ዕለት ጠዋት ከአሰላ የመጡ አንዲት አሮጊት ለቅሶ ደርሰው ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ቀረ። መጋረጃውን የተሸከመውን ቀጭን ዘንግ በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ይህ የእሷ ሲንቄ አይደለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ሟቿን የልጅ ልጆቻቸው እንኳ ሰምተውት በማያውቁት ስም እየጠሩ አለቀሱ።

ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጥ ያለ በትር ነው። ባሏ የበደላት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ጩኸቷን የሰሙ የመንደሩ ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው፣ የየራሳቸውን አንስተው ይከተሏታል፤ በደሉ ታይቶ እርቅ እስኪወርድ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ለጠብ ቢፈላለግ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው መካከል ከቆሙ አልፎ የሚማታ የለም። ይህን ያስረዱን አሮጊቷ ናቸው። ወዳጃችን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መጋረጃው በታጠበ ቁጥር ያንን ዘንግ እያወረደ መልሶ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው።

አያቱ የአርሲ ልጅ ነበሩ። በ1950ዎቹ አሰላ ላይ ሱቅ የነበረው የቸሃ ጉራጌ ነጋዴ አገባቸው። ክርስትና ተነሱ፤ ስማቸው ተለወጠ፤ በኋላም አዲስ አበባ ገቡ። የቀሩት ዓመታት ሁሉ በአዲሱ ስም አለፉ።

«አውርጄ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ» አለ ወዳጃችን። «ልጆቼ ከየት እንደመጡ በየቀኑ ይዩት።»

ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ሲኒውን አስቀመጠ። «ተወው፣ ወንድሜ» አለ። «የእኔ አባት ከጎጃም፣ እናቴ ከወለጋ ናቸው። ባለፉት ዓመታት ‹አንተ ምንድን ነህ?› በተባልኩ ቁጥር ለአንዱ አባቴን፣ ለሌላው እናቴን እየደበቅሁ ኖሬአለሁ። መንገድ ላይ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅህ ሰው ታሪክህን ሊሰማ አይደለም። ልጄ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዲያውቅ አልፈልግም። ሸክሙን ለምን አወርሰዋለሁ?»

ለጊዜው የመለሰለት አልነበረም። ሰውየው የሚናገረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደረሰበት ነውና።

ዝምታውን የሰበረችው ነርሷ ጓደኛችን ናት፤ እሷ ግን የተቆጣችው በወዳጃችን ላይ ነው። «ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ትላለህ። ይህ እናት ለሴት ልጅ የምትሰጠው ነው፤ ያንተ አይደለም። እህትህ አለች፤ የእህትህም ልጅ አለች። ለመሆኑ ለመስቀል በየዓመቱ ቸሃ ትወርዳለህ። አሰላስ ስንት ጊዜ ሄደሃል?»

«አንድ ጊዜ» አለ። «ለሥራ።»

ከዚያ በኋላ ራሱ የተናገረው ለእኔ ከክርክሩ ሁሉ ይበልጣል። በቤታቸው የመስቀልን በዓል ያቆሙት አያቱ ነበሩ። ባልየው ለበሬው ገንዘብ ሲያጠራቅም፣ ዓመቱን ሙሉ ቅቤውን የሚያጠራቅሙት፣ ቅመሙን የሚያዘጋጁት፣ ቆጮውን የሚጋግሩት፣ ከእርዱ በፊት ለሚበላው የጎመን ክትፎ ጎመኑን የሚከትፉት እሳቸው ናቸው። ከአማታቸው ተምረው ከጉራጌ ሴቶች የሚያስንቅ ክትፎ ይሠሩ ነበር። በአንዳንድ ጠዋት ደግሞ የቡና ፍሬን ከነገለፈቱ በቅቤ እየጠበሱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለልጆቹ ያድሉ ነበር። «አያቴ የፈለሰፈችው ቁርስ ይመስለኝ ነበር» አለ። ያ ቡና ቀላ ነው። ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰውም ምርቃት እያወረዱ ነበር። ምርቃቱ ምን እንደሚል ዛሬ በቤቱ የሚያውቅ የለም።

ጡረተኛው መምህር እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ነበር። «እኛ አገር» አሉ፣ «ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር። አያቴ ዳኛ ፊት ቆመው የእናታቸውን፣ የእናታቸውን እናት፣ ከዚያም ወዲያ ያሉትን አባቶች ስም እስከ አቅኚው ድረስ ያለ ስህተት ሲቆጥሩ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ፍቅር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ መሬት ነው ያስቆጠራቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጁ ሲታወጅ ሙግቱ ቀረ። አባቴ የእናታቸውን ወገን እስከ አራት ድረስ ያውቁ ነበር። እኔ ሁለት አውቃለሁ።»

«እንግዲያው መሬቱ ከሄደ ቆጠራውም አብሮት ይሂድ፤ ምን ጎደለን?» አለ ባንከኛው።

«የጎደለኝን ለመናገር እኮ ማወቅ ነበረብኝ» አሉ መምህሩ። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ።

እኔ በዚያ ምሽት ብዙ አልተናገርኩም፤ ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ባንከኛው ጓደኛዬ ስለ ፍርሃቱ እውነት አለው፤ ስለ መድኃኒቱ ግን አልስማማም። እሱን ያስጨነቀው አንድ ቃል ብቻ ሊሰማ የፈለገ ጠያቂ ነው። ልጁ ምንም ሳያውቅ ቢያድግ ያ ጠያቂ አይጠፋም፤ ልጁ ግን ሌሎች የሚሰጡትን ቃል ተቀብሎ ከመሄድ በቀር የራሱ መልስ አይኖረውም። የጎጃም አያቱንና የወለጋ አያቱን ኑሮ በዝርዝር የሚያውቅ ልጅ ከሁለቱ አንዱን ጥላ ብትለው እሺ የሚልህ አይመስለኝም።

ወዳጃችን ደግሞ «ልጆቼ ከየት እንደመጡ ይዩት» ሲል የአባቱም የእናቱም ወገን እኩል ሆነው የቆዩለት መስሎታል። አልቆዩለትም። ስማችን የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ ለሴት ቦታ የለውም። ዘር በአባት በሚቆጠርበት በጉራጌውም በኦሮሞውም ቤት ያገባች ሴት የባሏን ቤት ሥርዓት ተምራ ታቆማለች። የራሷ የሆነው ነገር በዝምታ ከእሷ ጋር ይሄዳል። የወዳጄ አያት ያንን ሁሉ ክትፎ የሠሩት ማንም አስገድዷቸው ላይሆን ይችላል፤ ወደውት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በስልሳ ዓመት ውስጥ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ እንኳ «ሲንቄሽ የታለ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። ስለዚህ ድርሻ እናካፍል ከተባለ መጀመሪያ የሚፈለገው የእናት ወገን ነው፤ የአባቱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ራሱ መጥቶ ያስታውሰናል።

ዘንጉ ለእህቱ ልጅ ይሰጥ፤ ነርሷ ትክክል ናት። ግድግዳው ግን አይቸኩልም። የሚቸኩሉት አሰላ ያሉት አሮጊት ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። አያትየው እናታቸው ያወጡላቸውን ስም፣ የእናታቸውን ስም፣ ሲንቄው የተሰጣቸውን ቀን፣ የቡና ቀላውን ምርቃት ቃል በቃል የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለመኖሩ የሰማሁት ነገር የለም። ወዳጄ ኦሮምኛ አይሰማም፤ ግድ የለም። ስልኩን ከፍቶ ድምፃቸውን ይቅረጽ። የሚተረጉምለት በኋላ ይገኛል።

የአሮጊቷን ልጅ ስልክ ቁጥር ነርሷ በዚያው ዕለት ተቀብላቸው ነበር። እኔም ለወዳጄ ልኬለታለሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ፣ አልደወለም። ነገ ከሥራ ስወጣ ቤቱ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ አስደውለዋለሁ።