ትርፍ የማይጭነው ሃይሩፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ትርፍ የማይጭን ሚኒባስ የለም የሚል ሰው በማለዳ ኮዬ ፈጬ ይምጣ። ከኮንዶሚኒየሙ በር የጎረቤታችን ነጭ ሃይሩፍ፣ ያ ጣሪያው ከፍ ያለው የቶዮታ ሃያስ ሚኒባስ፣ ይወጣል። ሹፌር አለው፣ ተሳፋሪ የለውም። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ባይ የለ፣ በመልስ የሚጨቃጨቅ የለ። ከበሩ ማዶ የታክሲው ሰልፍ አጥሩን ታክኮ ይጠማዘዛል፤ የጎረቤታችን ወንበሮች ግን ማንም ሳይነካቸው በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲ አድርገው ሥራ ይገባሉ። ሥርዓት ያለው ትራንስፖርት ስንል የኖርነው ይኸው አይደል?

ቶዮታ ሃያስን ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያመርት ብዙ ሰውና ብዙ ዕቃ ይጫንበታል ብሎ ነበር። የዋህ! ረጅሙ ሃይሩፍ 5.38 ሜትር ርዝመት፣ 2.285 ሜትር ቁመት የተሰጠው አንድ የላፕቶፕ ቦርሳና አንድ ኮት እንዳይጨናነቁ ነው። ኮቱ እንዲያውም ለብቻው አንድ ረድፍ ይዟል፤ ከቦርሳው ጋር አይስማሙም መሰለኝ።

ሕግ አክባሪነቱም አይነሳ። ሰሌዳው ኮድ 2፣ የግል ነው፤ ሰው በሒሳብ ቢጭን ያስቀጣዋል። በነፃ መጫን ያስቀጣል የሚል ባይኖርም፣ ጠንቃቃ ሰው አዋጅ እስኪወጣ አይጠብቅም። አንድ ቀን አንዲት እናት ከሰልፉ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉለት።

«ልጄ፣ ሳሪስ ታደርሰኛለህ?»

«ኮንትራት ነው፣ እማማ።»

አንገታቸውን አስግገው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቃኙ። «ማን ተኮናትሮህ ነው?»

ከታላቅ ጋር መከራከር ነውር ነውና መስታወቱን ዘጋ።

ባዶውን ብቻ ይሄዳል ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። ውሃ የጠፋ ሰሞን ወንበሩ ጢም ይላል፦ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ ከኋላ እስከ ፊት። የፊተኞቹ ቀበቶ ሁሉ ታስሮላቸዋል። የሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ ከአስፋልቱ በእግሯ ስትመጣ ጀሪካኖቹ በመስኮት እያዩ ያልፏታል።

ማታ ደግሞ ትርዒት አለን። ጥበቃው ባትሪውን አብርቶ «ና... ና... ሙሉ ቁረጥ ጋሼ... መልስ... ና... በቃ በቃ በቃ!» ይላል። ልጆቹ ኳሳቸውን አቅፈው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ጎል የነበሩት ሁለት ድንጋዮች የጎማ ታኮ ይሆናሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ትንንሽ ኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ጎረቤቶች አሉን፤ አንደኛው በሹፌሩ በር መግባት ስለማይችል በጋቢናው ወንበር ላይ እየተንፏቀቀ መሪው ጋ ይደርሳል። ስፖርት ነው። ጂም ቢገባ ይከፍልበት ነበር።

መሃል ከተማስ? የሕንፃዎቹ ምድር ቤት ፓርኪንግ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ የእግረኛ መንገድ ላይ ያቆማል፣ እግረኛውም አስፋልት ላይ ወርዶ ከተማውን በሰፊው ያያል።

የዕድራችን ሊቀመንበር ግን ይህን ሁሉ ውለታ ሳይቆጥሩ፣ ሰፈራችን ሰው የሞተ ዕለት «ለቀስተኛ አድርስልን» ብለው ለመኑት። «ሰርቪስ ሊገባ ነው ጋሼ» አላቸው፣ በትሕትና። ዕድሩ ቅጥቅጥ ተከራየ፤ ለቀስተኛው ተጠቅጥቆ፣ ግማሹ ቆሞ፣ ከቀብሩ ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ሃይሩፉ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል። ባለቤቱ የጎኑን በር ከፍቶ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሊቀመንበሩን ተቀበላቸው።

«መንገዱ አስቸገራችሁ አይደል ጋሼ? ምን ይደረግ፣ መኪናው በዛ እኮ!»