ውዳሴ ገረጋንቲ

ጎረቤቴ መሬት ሠሩ። ገዙ አላልኩም፤ ተመሩም አላልኩም፤ ሠሩ። ከሐዋሳ ወደ ጥቁር ውሃ በሚወስደው በኩል፣ ፊላና ቄጤማ ከሞላው ረግረግ ላይ፣ በሌሊት ገልባጭ መኪና እያስመጡ ገረጋንቲ አስደፉ። እግዚአብሔር እንኳ ውሃውን ከየብስ የለየው በሦስተኛው ቀን ነው። ጎረቤቴ በሁለት ሌሊት ጨርሰው በሦስተኛው ቀን አጥር አጠሩ።

እኔም እንደ ወጉ እንኳን ደስ አለዎት ልል ሄድኩ። «ጋሼ፣ እዚህ ቀድሞ ምን ነበር?» ብላቸው «ምንም» አሉኝ።

ይህ «ምንም» የተባለው ፍጡር የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ከአምባዛ አፍ የሚሸሸግበት ሣር ነበር። ከተራራ የሚወርደው ደለል ሐይቁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ምንጣፍ ነበር። ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ስፖንጅ ነበር። ነገር ግን ካርታ የለውም፤ ግብር አይከፍልም፤ ትንኝም ያረባል። እንዲህ ያለ ሥራ ፈት ከከተማችን ቢጠፋ ማን ያለቅስለታል?

በዚህ ጥበብ ደግሞ ጀማሪዎች አይደለንም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለውን ጨለለቃን ሽማግሌዎች ሐይቅ ብለው ያውቁት ነበር። ከበላዩ ያሉት ተዳፋቶች ደናቸውን ሲገፈፉ አፈሩ እየወረደ ሞላው፤ ሐይቁ ረግረግ ሆነ፤ ረግረጉም የከብት መሰማሪያ ሆነ። ያውም ያለ አንድ ገልባጭ! ያኔ ገልባጭ ቢታከልበት ኖሮ የት በደረስን።

እንግሊዞችን ግን አታንሡብኝ። ሎንዶን ከተማ ሥር ለባቡር መሿለኪያ ሲቆፍሩ ያወጡትን ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር በመርከብ ጭነው ዋላሲ ወደምትባል ደሴት ወሰዱት። ለምን ቢሉ፣ ጨዋማ ረግረግ ሊሠሩበት! ከዚያ አልፈው በ2015 እ.ኤ.አ. አያቶቻቸው በስንት ልፋት ያቆሙትን የባሕር መከላከያ ግንብ በገዛ እጃቸው ደረመሱት። ምክንያታቸውም አለ። የባሕር ዳር ረግረግ ማዕበል ባመጣው ቁጥር ጭቃውን በሣሩ እየያዘ ከፍ ይላል፤ ባሕሩ ሲነሣም ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይድናል። ከኋላው ግንብ ከቆመበት ግን በባሕሩና በግንቡ መካከል ታንቆ ይሞታል። እርሱ ከሞተ የማዕበሉን ጉልበት የሚሰብር አይኖርም፤ ግንቡ ለብቻው ይመታል። እንግዲህ እዩት፤ አፈር ተሸክሞ ረግረግ የሚሠራ ሕዝብ! እኛ አፈር የምንሸከመው ረግረግ ለመቅበር ነው፤ ቢያንስ ቀብሩ በወጉ ይፈጸማል።

ባሕር የለንም፣ ምን አገባን የሚል ካለ ልክ ነው። ያለን ሐይቅ ብቻ ነው። የመተሐራው በሰቃ በ1950ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ኩሬ ነበር፤ እየሰፋ እየሰፋ ከ40 አለፈ። የእኛው ሐይቅ ደግሞ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን ይቀበላል፤ ወዴትም አይልክም። ዛሬ አመሻሽ ላይ የምንንሸራሸርበት ግድብም ለፎቶግራፍ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሐይቁ እንግዳ ሲበዛበት ወንበር የሚጨምረው በዳር በዳሩ ነበር። እኛ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሰብስበን ምንጣፍ አነጠፍንባቸው።

ነሐሴ ላይ የጎረቤቴ ቤት ተመረቀ። ሳሎኑ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ከረከቦቱ ሥር አረንጓዴ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ጎንበስ ብዬ ብነካው ላስቲክ ነው። «እውነተኛው ጠፍቷል፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም» አሉኝ ባለቤታቸው እያዘኑ። እውነተኛው የት እንደ ሄደ ለመናገር ከንፈሬን ከፈት አድርጌ መልሼ ዘጋሁት። የቆምንበት ሁለት ሜትር ያህል ከላዩ ነበር፤ በምርቃት ቀን ደግሞ ሬሳ አይነሣም።

በሁለተኛው ስኒ ላይ ዝናቡ ያዘ። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ተጣሩ፤ ከደጅ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ በሊሾው ስንጥቅ በኩል ውሃ ያለ ምንም ግርግር፣ ጫማውን በር ላይ እንደሚያወልቅ ጨዋ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ገባ። አበው «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ያሉት ገልባጭ ስላላዩ ነው እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው፣ ካልሲዬ ሲርስ ትንሽ አፈርኩ። ላስቲኩ ቄጤማ ተነሥቶ ወደ ጓዳ መንሳፈፍ ጀመረ። ሕፃናቱ በጣም ተደሰቱ።

ጎረቤቴ ግን ልበ ሙሉ ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ወንበር ላይ ቆሙና መጀመሪያ «ቦይ እንኳ የማይሠራልን ከተማ!» ብለው አዘኑ። ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«አንተ፣ ነገ ማታ ስንት ጭነት ታደርስልኛለህ?»